ልጃችሁ አስፈሪ መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ

ሥራዬ ከልጆች ጋር መጽሐፍ ማንበብ ነው። ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ጨለማ የዋጠው ትልቅ ቤት፣ መብራት የበራበት አንድ መስኮት፣ ከበስተኋላው ጨረቃ። ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞት ይመጣል፣ አንገቱን ደፍቶ ያነበዋል፣ ከዚያ አንድ ሌሊት እናትና አባቱ መሃል ተሸጉጦ ይገኛል። ቀጥሎ የሚሆነውም በብዙ ቤት አንድ ነው። መጽሐፉ ይወሰዳል፣ «ሁለተኛ እንዳላይ» ይባላል፣ ልጁም የቀረውን ተደብቆ ያነባል። ተደብቆ የሚነበብ አስፈሪ መጽሐፍ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፤ ልጁ ፈራሁ ቢል መደበቁ ይታወቅበታል፣ ስለዚህ ዝም ይላል። ይህን የምጽፈው ያ ሌሊት የሚጠብቃችሁ ወላጆች በተሻለ መንገድ እንድታልፉት ብዬ ነው።

ጎቲክ የሚባለው አስፈሪ ልቦለድ የራሱ አሠራር አለው፤ አሠራሩን ያወቀ ወላጅ መጽሐፉን ገና ሳይገልጠው ግማሹን ያውቀዋል። የዘርፉ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው እንግሊዛዊው ሆራስ ዋልፖል እ.ኤ.አ. በ1764 ያሳተመው «የኦትራንቶ ግንብ» ነው። ታሪኩ በሠርግ ቀን ይጀምራል፤ ሙሽራው ከየት እንደመጣ ባልታወቀ ግዙፍ የጦር ቁር ተጨፍልቆ ግቢው ውስጥ ይገኛል። ምክንያቱ ቀስ እያለ ይገለጣል። የሙሽራው አባት የሚገዛውን ግንብ የአባትየው አያት እውነተኛውን ባለቤት በመርዝ ገድሎ የቀማው ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጻፉት ጎቲክ ታሪኮች ልብሳቸው ይለያይ እንጂ አጥንታቸው ይኸው ነው፤ ያረጀ ቤት፣ በዚያ ቤት የተፈጸመ የድሮ በደል፣ እንዳይወጣ የተከለከለ ሰው፣ እንዳይከፈት የተባለ በር። ጭራቅ ኖረም አልኖረም ሁለተኛ ነገር ነው። ታሪኩን የሚጎትተው «እዚህ ቤት ምን ተደርጎ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ነው። ልጆችን የሚስባቸውም ይኸው ይመስለኛል፤ ልጅ ሲባል ትልልቆች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩትን ማወቅ ይፈልጋል።

ለወላጅ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመውን ትምህርት ያገኘሁት ከአን ራድክሊፍ ነው። በ1794 በወጣው «የኡዶልፎ ምስጢሮች» ልቦለዷ ውስጥ ኤሚሊ የምትባል ወላጆቿን ያጣች ወጣት ኢጣሊያ ተራሮች ላይ ባለ ግንብ ውስጥ ትያዛለች። አንድ ክፍል ውስጥ በጥቁር መጋረጃ የተሸፈነ ነገር አለ። ኤሚሊ መጋረጃውን ትገልጣለች፣ ያየችውን ታያለች፣ ራሷን ስታ ትወድቃለች። ምን እንዳየች ግን ደራሲዋ አትነግረንም። እጅግ ብዙ ገጽ አስጠብቃ ነው መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል የምትገልጠው፤ ከመጋረጃው ጀርባ የነበረው ከሰም የተሠራ የሬሳ ምስል ነው። የራድክሊፍ መናፍስት ሁሉ ማለት ይቻላል መጨረሻ ላይ እንዲህ በተራ ምክንያት ይፈታሉ።

እንግዲህ ይህን መጽሐፍ መሃል ላይ የተቀማ ልጅ አስቡ። መጋረጃው ተገልጧል፣ ኤሚሊ ወድቃለች፣ ሰሙ ግን ገና አልተነገረም። ያን ባዶ ቦታ ልጁ በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል፤ የልጅ ሐሳብ ደግሞ ከየትኛውም ደራሲ የባሰ ነገር ይፈጥራል። ጎቲክ ፍርሃትን መጀመሪያ ላይ አበድሮ መጨረሻ ላይ መልሶ የሚወስድ ጽሑፍ ነው፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ዕዳው ልጁ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ የተጀመረን መጽሐፍ አትቀሙ፣ አብራችሁ ጨርሱት። ጨርሶ የማይሆን ሆኖ ካገኛችሁት እንኳ ከመውሰዳችሁ በፊት መጨረሻውን ንገሩት፤ ማን እንደዳነ፣ ድምፁ የማን እንደነበረ፣ በሩ እንዴት እንደተከፈተ።

ራድክሊፍ ከሞተች በኋላ በ1826 የታተመ አንድ ጽሑፏ አስፈሪ ነገርን ለሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ስጋት ነው፤ ያልታየ፣ የሚጠበቅ፣ ነፍስን የሚያሰፋና አእምሮን የሚያነቃ። ሁለተኛው ዘግናኝ ነገር ነው፤ ፊት ለፊት የሚታይ፣ ነፍስን የሚያኮማትርና የሚያደርቅ። ለልጅ መጽሐፍ ስመርጥ ከዚህ የተሻለ ሚዛን እስካሁን አላገኘሁም። በኮሪደሩ ጫፍ የሚሰማ ለቅሶ፣ ቀን ጠፍቶ ማታ የሚበራ መስኮት፣ ቁልፉ የጠፋ ሳጥን፣ እነዚህ ስጋት ናቸው፤ ልጁ ይገምታል፣ ያሰላል፣ ገጹን ይገልጣል። የተቆረጠ አካልና የሚፈስ ደም በዝርዝር ሲቀርብ ግን ልጁ የሚሠራው ነገር የለውም፤ ዝም ብሎ ይቀበላል።

ዕድሜን በተመለከተ ብዙ ወላጅ የሚፈራው ሊፈራ የማይገባውን ነው። የልጆችን ፍርሃት ለረጅም ጊዜ ያጠናችው አሜሪካዊት ተመራማሪ ጆአን ካንቶር እንዳሳየችው፣ ትምህርት ያልጀመሩ ሕፃናትን የሚያስደነግጣቸው የነገሩ መልክ ነው፤ ደግ ቢሆንም መልኩ ካስፈራ ያስፈራቸዋል። ከፍ ያሉት ደግሞ ይበልጥ የሚፈሩት በእውነት ሊደርስ የሚችለውን ነው። ስለዚህ ለ5 ዓመት ሕፃን ችግሩ ሥዕሉ ነው፤ ሥዕላዊ ሽፋኑ ብቻውን እንቅልፍ ሊነሳው ይችላል። ለ10 ዓመት ልጅ ጥርሱ የሾለው ጭራቅ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ እናቱ የሞተችበት፣ አባቱ ጥሎት የሄደ፣ የሚያሳድገው ሰው በክፉ የሚያየው ልጅ ታሪክ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያሳስበዋል። ጎቲክ ልቦለድ ደግሞ ወላጅ በማጣት ነው የሚጀምረው ማለት ይቻላል። መጽሐፍ ስትመረምሩ «ጭራቅ አለው ወይ?» ከማለት ይልቅ «በዚህ ታሪክ ወላጆቹ የት ናቸው? ልጁን የሚጠብቀው ትልቅ ሰው ማነው?» ብላችሁ ጀምሩ። አንድም ደህና ትልቅ ሰው የሌለበትን መጽሐፍ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ብቻውን እንዲያነብ አልሰጥም።

የእኛን ቤት የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ምክሮች አይነኩትም። እነዚህ ታሪኮች የሚታሰቡት መንፈስ የሚባለውን እንደ ፈጠራ ለሚያይ አንባቢ ነው። የእኛ ልጅ ግን ስለ ቡዳ፣ ስለ ዛር፣ ስለ እርኩስ መንፈስ ከሚወዳቸውና ከሚያምናቸው ሰዎች ከልብ ሲነገር ይሰማል፤ ጸበል ቦታ የሚጮህ ሰው አይቶም ይሆናል። ያንን መጽሐፍ ሲያነብ «ደራሲው ፈጠረው» ማለት አይታየውም። ስለዚህ ገና ሳይጀመር ሁለቱን ለዩለት፤ «ይህ ሰው ተቀምጦ የጻፈው ታሪክ ነው፣ ቤተሰባችን ስለሚያምነው ነገር መጠየቅ ከፈለግህ ደግሞ እኔን ጠይቀኝ።» ከሁሉም በላይ ልጅን የሚጎዳው «ይህን ስታነብ ጋኔን ይሰፍርብሃል» የሚለው ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር መጽሐፉ ያልሠራውን ይሠራል፤ ታሪኩን ከገጹ አውጥቶ መኝታ ቤት ያስገባዋል። እምነታችሁ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የማይፈቅድ ከሆነ «በቤታችን ይህን አናነብም» ማለት በቂና ቀና መልስ ነው። ማስፈራሪያ አትጨምሩበት።

አሁን ወደ ምርጫው። መጽሐፉን ሙሉ ለማንበብ ጊዜ የላችሁም እንበል። መጀመሪያ የመጨረሻውን ምዕራፍ አንብቡ። በሩ ተከፍቶ ሰዎቹ ወጥተዋል ወይስ ታሪኩ ስጋቱን እንደያዘ ይዘጋል? ለጀማሪ አንባቢ መውጫ ያለው መጨረሻ ግድ ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ ቀጥሎ ከመጽሐፉ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ 10 ገጽ ያህል አንብቡ፤ የከፋው ነገር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይገኛል። ሽፋኑን አትመኑ፤ «ክላሲክ» የሚለውንም አትመኑ። በ1796 የወጣው የማቲው ሉዊስ «መነኩሴው» ክላሲክ ነው፤ ውስጡ ግን አስገድዶ መድፈርና ግድያ በግልጽ ተጽፏል። የልጅ መጽሐፍ አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያነብ የ9 ወይም የ10 ዓመት ልጅ የምመርጠው በ1911 የወጣውን የፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔትን «ምስጢራዊው የአትክልት ቦታ» ነው። ሰው አስፈሪ ብሎ አይጠራውም፤ የጎቲክ ዕቃ ሁሉ ግን አለው። ወላጆቿን በኮሌራ ያጣች የ10 ዓመት ልጅ ሜሪ፣ አብዛኛው ክፍል የተቆለፈ መቶ ያህል ክፍል ያለው ቤት፣ ሌሊት የሚሰማ ለቅሶ፣ «የነፋስ ድምፅ ነው» እያሉ የሚሸፋፍኑ ሠራተኞች። ሜሪ አንድ ሌሊት ሻማዋን ይዛ ድምፁን ትከተላለች። በሩን ስትከፍት የምታገኘው አልጋ ላይ ተኝቶ የሚያለቅስ በእሷ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። እርስ በርሳቸው መንፈስ መስለዋቸው ሁለቱም ይደነግጣሉ። አንድ ልጅ ይህን ምዕራፍ አንብቦ ሲጨርስ ፊቱን እዩት፤ የፈራው ነገር የሚያጫውተው ሰው የሚፈልግ ልጅ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ይችላል። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ መጽሐፉ ስለ ሕንዶችና ስለ ጥቁሮች በዘመኑ የተለመደ የንቀት ንግግር አለበት። እዚያ ስትደርሱ አትዝለሉት፣ ቆም ብላችሁ ተነጋገሩበት።

«ፍራንከንስታይን» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳትበት እሱ ነው። ሜሪ ሼሊ መጻፍ የጀመረችው በ1816 ጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ሳለች በ18 ዓመቷ ነው፤ በ1818 ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ስለሚከብድ ለ8 እና ለ9 ዓመት ልጅ የታጠረ እትም ይገዛለታል። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ የታጠሩ እትሞች የሚጥሉት መሃል ያለውን፣ ፍጡሩ ራሱ አፉን ከፍቶ የሚናገርበትን ክፍል ነው። ፍጡሩ በአንድ ጎጆ ግድግዳ ስንጥቅ አንድ ድሃ ቤተሰብን ለወራት ይመለከታል። ቋንቋ የሚማረው ከእነሱ ነው። ማታ ማታ ሳይታይ እንጨት ይለቅምላቸዋል። አንድ ቀን ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ብቻውን ሲቀር ደፍሮ ይገባል፤ ሽማግሌው መልኩን ስለማያይ በደግነት ያነጋግረዋል። ወዲያው ልጆቹ ይደርሳሉ፤ አንደኛው በዱላ ይደበድበዋል። ይህ ክፍል ሲወጣ የሚቀረው ዊልያም የሚባል ትንሽ ልጅን አንቆ የሚገድልና አንዲት ንጹሕ ሴት ባልሠራችው ወንጀል እንድትሰቀል የሚያደርግ ጭራቅ ነው። ማጠሩ ርኅራኄውን አውጥቶ ጣለ፣ ፍርሃቱን ብቻ አቆየ ማለት ነው። ስለዚህ ከታጠረው ይልቅ ልጁ 13 ወይም 14 ዓመት እስኪሆነው ቆይታችሁ ሙሉውን አብራችሁ አንብቡት። እስከዚያ ድረስ የስንጥቁን ታሪክ ብቻ በቃል ልትተርኩለት ትችላላችሁ።

የኤድጋር አላን ፖ «ነጋሪው ልብ» (1843) አሜሪካ ያሉ ልጆች መካከለኛ ደረጃ ላይ በብዛት የሚገጥማቸው አጭር ታሪክ ነው። ተራኪው ሽማግሌ ገድሎ ወለል ሥር ይቀብራል፣ የልብ ትርታ እየሰማሁ ነው ይላል። ለ13 ዓመት ልጅ ችግር የለውም፣ አንድ ጥያቄ ይዞ ከገባ፦ «ይህን ሰው ታምነዋለህ?» ልጁ ተራኪውን መመርመር ሲጀምር መፍራቱን ይተዋል። የብራም ስቶከርን «ድራኩላ» (1897) ግን ሙሉውን ከ15 ዓመት በታች አልመክርም። መጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ከዘርፉ ሁሉ ምርጥ ናቸው፤ ጢሙን የሚላጨው እንግዳ ባላባቱ ድራኩላ ከኋላው ቆሞ ሳለ መስታወቱ ውስጥ እንደማይታይ የሚያስተውልበትን ቦታ ልጆች አይረሱትም። ነገር ግን ገና 3ኛው ምዕራፍ ላይ ሕፃን በከረጢት ውስጥ ለሦስት ሴት ደም መጣጮች ይሰጣል፣ ቀጥሎ እናቲቱ ግቢው በር ላይ እየጮኸች በተኩላ ትበላለች። ትናንሽ ወንድምና እኅት ላለው ልጅ ይህ ቀላል አይደለም።

ንባቡ ራሱ እንዲህ ይሁን። ቀን፣ ቢዘገይ ከእራት በፊት፤ ከመጨረሻው ገጽ እስከ መኝታ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይኑር። ቦታው ሳሎን ወይም ማዕድ ቤት ይሁን፤ አልጋ ላይ አስፈሪ መጽሐፍ አይነበብ፣ አልጋው ከታሪኩ ጋር እንዳይያያዝ። መጽሐፉም ሌሊቱን ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፤ ይህን ለልጁ እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ደንብ ንገሩት። ደራሲዎቹ ምዕራፉን የሚጨርሱት ልብ በተንጠለጠለበት ቦታ ስለሆነ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ አታቁሙ። ቀጣዩን ምዕራፍ ጀምሩና የተንጠለጠለው ነገር ሲፈታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ገጽ በኋላ፣ እዚያ አቁሙ። ይህች ትንሽ ለውጥ ብቻ ብዙ ሌሊት አድናለች።

አንድ ወረቀትና እርሳስ አጠገባችሁ ይኑር። ልጁ ታሪኩ ውስጥ ያለውን ቤት ካርታ ይሣል፤ በሩ የቱ ጋ ነው፣ ደረጃው ወዴት ይወጣል፣ የተቆለፈው ክፍል የቱ ነው፣ መውጫው በየት በኩል ነው። አዲስ ክፍል በተገለጸ ቁጥር ይጨምርበት። ጎቲክ ቤት የሚያስፈራው መጠኑና መውጫው ስለማይታወቅ ነው፤ የተሣለ ቤት ግን ወሰን አለው። ከሥዕሉ በኋላ ልጆች «ቆይ፣ እዚህ ጋ እኮ ሌላ በር አለ» እያሉ ከገጸ ባሕርያቱ ቀድመው ማሰብ ሲጀምሩ ታያላችሁ።

ውጭ አገር ለምትኖሩ ወላጆች የተለየ ዘዴ አለኝ። ልጁ በእንግሊዝኛ ያነባል፣ እናንተ በዚያ ቋንቋ ወፍራም ልቦለድ ማንበብ ይከብዳችሁ ይሆናል። ግድ የለም። በየቀኑ ያነበበውን እራት ላይ በአማርኛ ይተርክላችሁ። ቃል ሲጠፋው አብራችሁ ፈልጉ። የሚተርክ ልጅ የታሪኩ ባለቤት ይሆናል፤ የቱን ማርዘም፣ የቱን ማሳጠር እንዳለበት ራሱ ይወስናል፣ አያቱን ሊያስደነግጥ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የሚዘለው ቦታ ካለ ልብ በሉ፤ የከበደው እዚያ ነው። በማግስቱ ቀን በረጋ ድምፅ «ትላንት ያለፍከውን ንገረኝ እስቲ» በሉት።

ይህ ሁሉ ሆኖም አንድ ሌሊት ሊነቃ ይችላል። ትንሽ ከሆነ ንግግር አይረዳውም፤ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ ውኃ ስጡት፣ ያቅፈው የለመደውን ነገር ስጡት። «እውነት እኮ አይደለም» የሚለው ማብራሪያ የሚሠራው ከፍ ላለው ልጅ ነው። አልጋ ሥር እየፈለጉ «አየህ፣ የለም» ማለትን ተዉት፤ የምትፈልጉ ከሆነ ሊኖር ይችላል ማለት ነው ብሎ ያስባል። ሕልሙን ሌሊት አታስተርኩት። ጠዋት፣ ፀሐይ ላይ፣ ሕልሙን ይሣለው፤ ከዚያ መጨረሻውን እንደፈለገ ይለውጠው፣ ያን አዲሱን መጨረሻ ደግሞ ለተከታታይ ቀናት ጥቂት ደቂቃ በሐሳቡ ይመልሰው። ተመላላሽ ቅዠትን ለማከም ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

ጨርሶ የማይሰጥባቸው ጊዜያትም አሉ። ቤት ውስጥ በቅርቡ ሰው ከሞተ፣ ወላጆች ከተለያዩ፣ ልጁ ጦርነት ወይም መፈናቀል ካየ፣ መቃብርና ባዶ ቤት ለእሱ ታሪክ አይደሉም። እንዲህ ያለ ልጅ አስፈሪ መጽሐፍ ራሱ ፈልጎ ቢያመጣ እንኳ አትቆጡት፣ የሚፈልገውን ነገር ነው የሚነግራችሁ፤ አብራችሁት ተቀመጡ፣ ታሪኩንም ትታችሁ ስለ ራሱ አነጋግሩት። ፍርሃቱ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ በጠራራ ቀን እንኳ ብቻውን ሽንት ቤት መሄድ ካቃተው ወይም ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ ነገሩ ከመጽሐፉ አልፏል፤ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት።

መጽሐፉን ያዘዘው ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ መምህሩን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። እንግሊዝ አገር ለምሳሌ በ16 ዓመት አካባቢ ለሚሰጠው የብሔራዊ ፈተና «ፍራንከንስታይን» እና የስቲቨንሰን «ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ» (1886) ከሚመረጡት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልቦለዶች መካከል ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ከመረጣቸው ልጁ ሊሸሻቸው አይችልም፣ በዚያ ዕድሜም መሸሽ የለበትም። ለታናናሾቹ ግን «ልጃችን ይህ ምዕራፍ ይከብደዋል፤ በዚያ ሳምንት ሌላ ንባብ ሊሰጠው ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ምዕራፉን በቁጥር ጥቀሱ፣ ምን እንደከበደው በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ፣ በምትኩ የሚነበብ ሌላ መጽሐፍም ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። «መጽሐፉ ይከልከል» ብሎ የሚመጣ ወላጅ መምህሩን ወደ ክርክር ይመራዋል፤ አንድ ምዕራፍና አንድ ምትክ ይዞ የሚመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይባላል።